ፊርማው ካለቀ በኋላ ታጣቂው የት ይሂድ? ከሞዛምቢክ የታየው

ናሆም_አዲስ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሰላም ስምምነት ስናወራ ወሬያችን ሁሌ ፊርማው ላይ ያልቃል። ማን ፈረመ፣ የት ተፈረመ፣ ማን አደራደረ። ሲጨባበጡ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ጉዳዩ ከዜና ይወጣል። እኔ ማውራት የፈለግኩት ከፎቶው በኋላ ስላለው ነው። ጠመንጃ ይዞ ጫካ የነበረው ሰው በማግስቱ ምን ይሆናል? ምን ይበላል? የት ይሄዳል?

ለዚህ ጥያቄ ከሞዛምቢክ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። አገሪቱ ይህን ሥራ አንዴ በጣም በጥሩ ሁኔታ ሠርታዋለች። ጥቂት ነገር ግን ሳይጠናቀቅ ቀረ። ያቺ የቀረችው ነገር ከ20 ዓመት በኋላ እንደገና ተኩስ አስነሳች። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ሞዛምቢክ በ1975 ከፖርቱጋል ነፃ ወጣች፣ ፍሬሊሞ ሥልጣን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ ሬናሞ የሚባል አማፂ ኃይል ተነሳ። መጀመሪያ የሮዴዥያ ነጮች መንግሥት፣ በኋላ የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ያስታጥቁት ነበር። ጦርነቱ ከ1977 እስከ 1992 ቆየ። በውጊያውና ውጊያው ባመጣው ረሃብ ወደ 1 ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል። 1992 ላይ ደግሞ ከባድ ድርቅ መጣ። ሁለቱም ወገኖች ሠራዊታቸውን የሚመግቡበት አጡ።

ድርድሩ ሐምሌ 1990 ሮም ተጀምሮ 27 ወር ፈጀ። ኦክቶበር 4 ቀን 1992 ፕሬዝዳንት ጆአኪም ቺሳኖና የሬናሞው መሪ አፎንሶ ድላካማ ፈረሙ። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ኦኑሞዝ የሚባል ተልዕኮ አሰማራ። በመላ አገሪቱ 49 የታጣቂ ማሰባሰቢያ ካምፖች ተከፈቱ። ከሁለቱም ወገን ከ70 ሺህ በላይ ወታደር ተመዝግቦ፣ መሣሪያውን አስረክቦ ተሰናበተ። ሲሰናበት ባዶ እጁን አልነበረም። እሱና ቤተሰቡ ወደመረጡት ወረዳ በነፃ ተጓጓዙ። በድምሩ የ2 ዓመት ክፍያ ተመደበለት፣ የመጀመሪያውን 6 ወር መንግሥት፣ የቀረውን 18 ወር ለጋሾች ይከፍሉ ነበር። ገንዘቡን የሚያገኘው በሚኖርበት አካባቢ ካለው የባንክ ቅርንጫፍ ስለሆነ ከተማ ላይ ተሰባስቦ የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረውም። ሄዶ ይኖራል፣ ወር ሲደርስ ይቀበላል።

እኔ የሮሙን ሰላም ያቆመው ይሄ ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

———

አስቴር_ሮም

ናሆም፣ ጥሩ ርዕስ ነው ያነሳኸው። ግን ሮምን በአንድ አረፍተ ነገር አለፍካት፤ እዚህ ነዋሪ ስለሆንኩ ትንሽ ልጨምርበት።

ድርድሩ የተካሄደው ትራስቴቬሬ ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ የሴት መነኮሳት ገዳም በነበረ ሕንፃ ነው። ቤቱ የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር መንግሥት አይደለም። በ1968 አንድሬያ ሪካርዲ የሚባል ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር የጀመረው የካቶሊክ ምእመናን ስብስብ ነው፣ ሥራቸው ድሆችን መርዳት ነበር። ከኢትዮጵያ ማህበረሰብ ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት የነበሩ ኤርትራውያንን፣ ሶማሌዎችንና ደቡብ ሱዳናውያንን ከ2017 ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ ወደ ጣሊያን ካመጡት አንዱ እነሱ ናቸው።

አደራዳሪዎቹ አራት ነበሩ። ሪካርዲ ራሱ፣ ዛሬ ካርዲናል የሆነው ማቴኦ ዙፒ፣ የጣሊያን መንግሥትን ወክሎ ማሪዮ ራፋኤሊ፣ እና የቤይራው ሊቀ ጳጳስ ጃይሜ ጎንሳልቬስ። ሊቀ ጳጳሱ ወሳኝ ሰው ነበሩ። እሳቸውም ድላካማም ንዳው ከሚባለው ሕዝብ ናቸው። ድርድሩ ከመጀመሩ ሁለት ዓመት በፊት የሬናሞ ዋና ይዞታ እስከነበረው ጎሮንጎሳ ጫካ ድረስ ሄደው ድላካማን አነጋግረውታል። ያኔ የዓለም መንግሥታት ሬናሞን ሽፍታ ብለው ነው የሚጠሩት፣ ማንም ሊያነጋግረው አይፈልግም ነበር። እሳቸው ግን በአፉ ቋንቋ አናገሩት።

ይህን የምለው ለምንድነው? ካምፑም ክፍያውም የመጣው ድላካማ «እነዚህ ሰዎች አይከዱኝም» ብሎ ስላመነ ነው። ያ እምነት ባይኖር ማን መሣሪያውን ያስረክባል? 27 ወሩ የባከነ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ያገኙት ነገር ትንሽ ነበር፤ በ1990 መጨረሻ በቤይራና በሊምፖፖ የባቡር መስመሮች ላይ ብቻ ተኩስ ለማቆም ተስማሙ። ሌላው ቦታ ውጊያው ቀጥሏል። ያም ሆኖ ከጠረጴዛው አልተነሱም።

———

ሻምበል_ጡረተኛ

ልጆቼ፣ ስለ ወታደር ስለተነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ የቀድሞው ሠራዊት አባል ነበርኩ። በ1983 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ያ ሁሉ ሠራዊት ሲበተን ቁጥሩ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። የእኛ ነገር ከሞዛምቢክ ይለያል፤ እኛ ተሸንፈን ነው የተበተንነው፣ የተፈራረመልን ሰው የለም። በኋላ መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ እህልም፣ ጥቂት ገንዘብም፣ ገበሬ ለሆነው ዘርም ሰጥቷል። ያንን አልክድም። ግን ስንቱ መኮንን ነው መንገድ ላይ ሲለምን የታየው? በደረቱ ሜዳይ የነበረበት ሰው።

ወታደርን ያልኖረበት ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ወታደር ቤት ቀለብህን የሚያስበው ሌላ ሰው ነው። ልብስህን፣ መኝታህን፣ ነገ የት እንደምትሆን። ሃያ ዓመት እንዲህ ከኖርክ በኋላ አንድ ቀን «ሂድ» ትባላለህ። የት? ሚስትህ ታውቅሃለች፣ ልጆችህ ግን አያውቁህም። መሬትህን ወንድምህ ያርሰዋል። የ24 ወር ደመወዝ ማለት እኮ ብሩ ብቻ አይደለም። ቤትህ ስትገባ ሸክም ሆነህ አትገባም ማለት ነው። ናሆም፣ እዚህ ላይ አበጀህ፣ ዋናውን ነገር ነክተኸዋል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ካምፕ ውስጥ ሲቆዩ አላመፁም?

———

ናሆም_አዲስ

ሻምበል፣ እጅ ነሳሁ። አዎ አምፀዋል። ካምፑ ለአጭር ጊዜ ታስቦ ነው የተከፈተው። ሂደቱ ግን ተጓተተ። በ1994 አጋማሽ በብዙ ካምፖች ወታደሮች ተነስተው ነበር፤ መንገድ ዘጉ፣ መጋዘን ዘረፉ። ጥያቄያቸው ፖለቲካ አልነበረም። «ገንዘባችንን ስጡንና አሰናብቱን» ነበር የሚሉት፣ የመንግሥቱም የሬናሞውም ወታደር እኩል። አዲስ በሚቋቋመው የጋራ ጦር 30 ሺህ ሰው እንዲገባ ታቅዶ ነበር፣ የተገኘው ግን ወደ 12 ሺህ ብቻ ነው። ሌላው በቃኝ አለ።

———

ቢንያም_ሎጂክ

ይቅርታ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ምስጋና አልስማማም። ስለ ወታደሩ ክፍያ ምንም አልልም፣ ሻምበል ያሉት ልክ ነው። ስለ መሪው ግን ለምን አላወራችሁም? ሬናሞ የፖለቲካ ፓርቲ እንዲሆን ተብሎ ለጋሾች ፈንድ አቋቋሙ። ለድላካማ በወር 300 ሺህ ዶላር ይሰጠው ነበር። ሬናሞ እኮ ሕፃናትን አፍኖ ወታደር ያደረገ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ያቃጠለ ድርጅት ነው። ፊርማው ከተፈረመ በቀናት ውስጥ ደግሞ ፓርላማው ለሁሉም ምሕረት አወጀ። የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን የለ፣ ፍርድ ቤት የለ። ልጇ የተወሰደባት እናት ምን አገኘች? ለገዳይ ደመወዝ፣ ለተገደለ ዝምታ። ይሄ ሰላም ነው ወይ?

———

ናሆም_አዲስ

ቢኒ፣ ጥያቄህ ከባድ ነው። ለዚያች እናት የሚሆን መልስ እኔም የለኝም። ግን ያኔ አማራጩ ምን እንደነበር ጎረቤቷን አንጎላን እይ።

የአንጎላ መንግሥትና አማፂው ዩኒታ በ1991 ፖርቱጋል ውስጥ ቢሴሴ ላይ ተፈራረሙ። የተባበሩት መንግሥታት ለዚያ ትልቅ አገር የላከው 350 ገደማ ወታደራዊ ታዛቢ ነው። ምርጫው የተካሄደው በሴፕቴምበር 1992 ነው፣ ሁለቱም ጦሮች ሳይበተኑ። የዩኒታው መሪ ሳቪምቢ ተሸነፈ። ጦሩ አለ፣ አልማዙ አለ። ተመልሶ ጫካ ገባ። ጦርነቱ የቆመው እሱ በፌብሩዋሪ 2002 ከተገደለ በኋላ ነው። አስር ዓመት ሙሉ!

የሮሙ ፊርማ የተፈረመው የአንጎላ ምርጫ በተደረገ በሳምንቱ ነው። ስለዚህ የሞዛምቢኩን ተልዕኮ የመራው ጣሊያናዊው አልዶ አዬሎ ያንን እያየ ነበር የሚሠራው። ምርጫው በ1993 መሆን ነበረበት፣ ወደ ኦክቶበር 1994 ተገፋ። መጀመሪያ ወታደሩ ይበተን፣ ከዚያ ምርጫ። ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ ሰላም አስከባሪም ገባ። ለድላካማ የተሰጠውም ገንዘብ ከዚህ ጋር ነው የሚታየው። ጫካ ውስጥ ንጉሥ የነበረ ሰው ዋና ከተማው ማፑቶ ገብቶ ቢሮም መኪናም ከሌለው ለምን ይቀመጣል? ምርጫው የተጀመረ ቀን እንኳ «አልሳተፍም» ብሎ ነበር። ለመኑት፣ ጫና አደረጉበት፣ ተመለሰ፣ ምርጫው በአንድ ቀን ተራዘመ። ቺሳኖ 53 በመቶ አገኘ፣ ድላካማ 34 በመቶ ገደማ። ተሸንፎም ጫካ አልገባም። ከማላዊና ከሌሎች ጎረቤቶች 1.7 ሚሊዮን ስደተኛ ወደ ቀዬው የተመለሰው በዚያ ምክንያት ነው። ከእነዚያ ስደተኞች ውስጥም ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች አሉ።

———

ሰላማዊት_ነርስ

ስለ እናቶች ከተነሳ እኔም አንድ ነገር ልበል። ሮም ላይ የተደራደሩት ወንዶች ናቸው፣ የመበተኑም እቅድ የወጣው ወንድን ብቻ እያሰበ ነው። ለተሰናባች ወታደሮች ልብስ ሲታደል መጀመሪያ ላይ የመጣው የወንድ ልብስ ብቻ ነበር። ሬናሞ ውስጥ ግን ሴቶችም ነበሩ፣ አብዛኞቹ ታፍነው የተወሰዱ። የተዋጋች አለች፣ ዕቃ የተሸከመች አለች፣ ሳትፈልግ የአንድ አዛዥ «ሚስት» የሆነች አለች። መሣሪያ ይዛ ካምፕ ካልመጣች አትመዘገብም። ካልተመዘገበች ክፍያው አይመለከታትም።

ቢንያም «ፍርድ ቤት የለም» ያልከው እውነት ነው። ግን ሰዉ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በየመንደሩ የባህል ሐኪሞች ነበሩ። ከጦር የተመለሰውን ልጅ ቤተሰቡ ውስጥ ከመቀላቀሉ በፊት ወስደው ያጥቡታል፣ ከጫካ የመጣውን ልብሱን ያቃጥሉታል፣ የገደለው ሰው መንፈስ እንዳይከተለው ሥርዓት ይፈጽሙለታል። ጎሮንጎሳ አካባቢ ደግሞ ጋምባ የሚባል በጦርነቱ የሞቱ ወታደሮች መንፈስ አለ ብለው ያምናሉ። መንፈሱ ሰው ላይ ሲያርፍ በሐኪሙ ፊት ይናገራል፤ ማን እንደበደለው፣ ምን እንደተደረገ። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ያዳምጣል፣ ካሳም ይጠየቃል። እኔ በሙያዬ ዘመናዊ ሕክምና ውስጥ ነው ያለሁት። ይሄንን ግን ዝቅ አድርጌ ማየት አልችልም። መንግሥት «እርሱት» ያለውን ነገር ሕዝቡ የሚናገርበት ቦታ ፈጥሯል።

———

ዮናታን_ቲ

አንዴ ቅድም «ጥቂት ነገር ሳይጠናቀቅ ቀረ» ብለህ ነበር ናሆም። እሱን ጨርስልን እስኪ።

———

ናሆም_አዲስ

እሺ። ሦስት ነገሮች ናቸው፣ በጣም የሚያንገበግቡኝ።

መጀመሪያ የድላካማ ጠባቂዎች። የግል ደህንነቱን የሚጠብቁ ታጣቂዎች እንዲቀሩለት ተፈቀደ። በኋላ ፖሊስ ውስጥ ይገባሉ ተብሎ ነበር፣ አልገቡም። ሶፋላ ክፍለ ሀገር ማሪንጉዌ ላይ፣ የድሮው ጣቢያቸው ውስጥ፣ መሣሪያቸውን እንደያዙ ዓመታት ተቀመጡ። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይነካካውም። «ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ያረጃሉ» ተባለ።

ሁለተኛ መሣሪያው። ከመቶ ሺህ በላይ መሣሪያ ተሰብስቦ አብዛኛው ሳይደመሰስ ቀረ። ጫካ ውስጥ የተቀበረውም ብዙ ነው። በ1995 የሞዛምቢክ አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት፣ በጳጳስ ዲኒስ ሴንጉላኔ መሪነት፣ መሣሪያ ለሚያመጣ ሰው ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የእርሻ ዕቃ መስጠት ጀመረ። ከጠመንጃው ስብርባሪ አርቲስቶች ወንበር ሠሩ፣ አንዱ ወንበር ዛሬ ለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ አለ። ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን ይሄን ቤተ ክርስቲያን መሥራት ነበረባት?

ሦስተኛው ወታደሮቹ የተቀላቀሉበት የጋራ ጦር ነው። ከሬናሞ የመጡት መኮንኖች ቀስ በቀስ በጡረታም በሌላም ምክንያት ከላይኛው ቦታ ተነሱ። «ለይስሙላ ነው ያስገባችሁን» ማለት ጀመሩ።

በ2012 መጨረሻ ድላካማ ከከተማ ወጥቶ ወደ ጎሮንጎሳ ተመለሰ። በኦክቶበር 2013 የመንግሥት ጦር ሳቱንጂራ ያለውን ጣቢያውን ያዘ። ሬናሞም የሮሙ ስምምነት አብቅቷል አለ። ዋናውን አውራ ጎዳና የሚያልፉ አውቶቡሶች በአጀብ መሄድ ጀመሩ። ያኔ ፕሬዝዳንቱ ማን ነበር? አርማንዶ ጌቡዛ። ሮም ላይ የመንግሥትን ቡድን መርቶ 27 ወር የተደራደረው ያው ሰውዬ።

———

ዮናታን_ቲ

ጌቡዛ ራሱ?! እሱን አላውቅም ነበር።

———

ቢንያም_ሎጂክ

እኔ ግን የማሪንጉዌ ጥቂት ታጣቂዎች ናቸው ጦርነት ያመጡት አልልም። ሰበቡ ሥልጣን ነው። ሬናሞ በመካከለኛውና በሰሜኑ ክፍለ ሀገሮች በተደጋጋሚ ብዙ ድምፅ ያገኝ ነበር። ገዥዎቹን የሚሾመው ግን ፕሬዝዳንቱ ነው። ናምፑላ ሬናሞን ትመርጣለች፣ ፍሬሊሞ ይሾምላታል። በ1999 ምርጫ ድላካማ ለጥቂት ተሸነፈ፣ ተጭበርብሯል አለ። በ2000 ሞንቴፑዌዝ ላይ ተቃውሞ ተነስቶ የታሰሩ ከ80 በላይ ሰዎች በአንድ ክፍል ታፍነው ሞቱ። ሰው እንዲህ ሆኖ ሲያይ መሣሪያውን ለምን ይጥላል? ናሆም አንተ ወታደሩን ታያለህ። እኔ ወታደሩን መሣሪያው ላይ ያቆየው ምንድነው እላለሁ።

———

ናሆም_አዲስ

እዚህ ላይ ያልከውን እቀበላለሁ። ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም። የሥልጣን ቅሬታ በሌሎች አገሮችም አለ፣ ሰው ሰልፍ ይወጣል፣ ይከሳል። የታጠቀ ኃይል በእጅ ካለ ግን ቅሬታው ወደዚያ ይሮጣል። ድላካማ ማሪንጉዌ ባይኖረው በ2013 የት ነበር የሚሄደው?

———

ገረመው_መ

ታዲያ ስለ ሰው አገር ከምናወራ ስለ ፕሪቶሪያው ስምምነት ለምን አናወራም? እኛም ኖቬምበር 2022 ላይ ተፈራርመናል። የእኛ ታጣቂዎች...

———

አስተናባሪ

ወንድም ገረመው፣ ማንሳትህ ተገቢ ነው። ግን በዚህ ርዕስ የተከፈቱ ክሮች በየጊዜው ወደ ስድብ ስለሄዱ እዚህ ውስጥ ከታጣቂዎች መበተንና መቋቋም ጋር የተያያዘውን ብቻ አንሱ። ብሔር እየጠራችሁ አትጻፉ።

———

ናሆም_አዲስ

ገረመው፣ ከሞዛምቢክ የጀመርኩት እዚያ ማንም የራሱ ወገን ስለሌለው ነው። ፕሪቶሪያ ላይ ትጥቅ መፍታት በጽሑፍ አለ፣ ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽንም ተቋቁሟል። እኔ ከማንም ወገን ሆኜ ሳይሆን የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ወጣቱ ከካምፕ ሲወጣ የሚሰጠው ነገር ስንት ወር ያቆየዋል? የሚመለስበት ቀዬ ሰላም ነው? አካሉ የጎደለውስ? ሻምበል የተናገሩትን መለስ ብላችሁ አንብቡ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ (በእኛ አቆጣጠር) ያንኑ ጥያቄ ነው የምንጠይቀው።

———

አስቴር_ሮም

ሁለተኛው ዙር እንዴት እንደተፈታ ያልተነሳ ስለሆነ ልጨምር። በ2014 ተፈራርመው ነበር፣ ወዲያው ፈረሰ። ለውጡ የመጣው አዲሱ ፕሬዝዳንት ፊሊፔ ንዩሲ በኦገስት 2017 ራሱ ጎሮንጎሳ ድረስ ሄዶ ድላካማን ካገኘው በኋላ ነው። አገር የሚመራ ሰው ተነስቶ ጫካ ሲሄድ ብዙ ነገር ይለሰልሳል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በስልክ በቀጥታ ይነጋገሩ ጀመር። አደራዳሪው ስዊዘርላንዳዊው አምባሳደር ሚርኮ ማንዞኒ ነበር፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር፣ ያለ ብዙ ጫጫታ።

ድላካማ በሜይ 2018 በሕመም ሞተ። ብዙ ሰው አበቃለት ብሎ ነበር። ተተኪው ኦሱፎ ሞማዴ ግን ቀጠለ፣ ኦገስት 2019 ማፑቶ ላይ ፈረሙ። ማሪያኖ ንሆንጎ የሚባል የሬናሞ ጄኔራል አልቀበልም ብሎ ተከታዮቹን ይዞ ቀረ፣ እስከተገደለበት እስከ 2021 መንገድ ላይ ጥቃት ነበር። የመጨረሻው ጣቢያ የተዘጋው በጁን 2023 ነው። 5,221 ታጣቂ ተመዝግቦ ተሰናበተ፣ ብዙዎቹ ሽበት ያወጡ ሰዎች ናቸው።

የቢንያምንም ነጥብ ሞክረውታል። ሕገ መንግሥቱ በ2018 ተሻሽሎ የክፍለ ሀገር ገዥዎች ከምርጫ እንዲወጡ ሆነ። በ2019 ምርጫ ግን አሥሩንም ፍሬሊሞ ወሰደ።

———

ቢንያም_ሎጂክ

እና በ2024 ምርጫ ማግስት የሆነውን አየን። ከተሞች በተቃውሞ ተናጡ፣ በመቶዎች ሞቱ። ያ ሰልፈኛ ደግሞ አብዛኛው የሬናሞን ጦርነት ያላየ ወጣት ነው። በሰሜኑ ክፍለ ሀገር በካቦ ዴልጋዶም ከ2017 ጀምሮ ሌላ ጦርነት እየተካሄደ ነው፣ ሬናሞ የለበትም። ታጣቂውን በደንብ መበተን ያንን አላስቀረም።

———

ሰላማዊት_ነርስ

ቢንያም እውነትህን ነው። ግን አንድ ልዩነት አለ። በ2024 የወጣው ሰው ያልታጠቀ ነበር፣ ሬናሞም በዚያ ሁሉ ቁጣ መሃል ወደ ጣቢያው አልተመለሰም፤ ጣቢያም የለውም። ያ ትንሽ ነገር አይደለም።

———

ሻምበል_ጡረተኛ

አስቴር ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እነዚያ 5,221ዱ ሰዎች ጡረታ አገኙ ወይስ እንደ ቀድሞው የጥቂት ጊዜ ክፍያ ብቻ ነው?

———

አስቴር_ሮም

ሻምበል፣ በዚህኛው ጡረታ አለበት። ከ1992ቱ ትልቁ ልዩነት እሱ ነው። ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ሬናሞም የመጨረሻውን ጣቢያ ለመዝጋት እሱን ነበር የሚጠብቀው፤ መንግሥት በ2023 ደንብ አውጥቶ አጸደቀው። ክፍያው በየወሩ የሚቀጥል ነው። በአፈጻጸሙ ላይ የወረቀት መጓተት አለ እያሉ የሚያማርሩ አሉ። በ1994 ወደቤታቸው የተመለሱት፣ የ24 ወሩን ተቀብለው የጨረሱት ግን እዚህ መዝገብ ውስጥ አይገቡም።

———

ሻምበል_ጡረተኛ

ገባኝ። ሽማግሌ ሲኮን ነው ደግሞ የሚቸግረው። እስኪ ስለ እነሱ የተጻፈ ካገኛችሁ እዚሁ ለጥፉልኝ፣ አነባለሁ።